ብሩ ከኪስ ሳይወጣ፦ የአዋጭነት ጥናት ደረጃ በደረጃ

የአዋጭነት ጥናት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ለባንክ ወይም ለወረዳ የሚገባ ማኅተም ያረፈበት ጥራዝ ነው። ስለዚህም ከሌላ ሰው ሰነድ ስምና ቦታ ብቻ ተቀይሮ ይገለበጣል፤ ጥራዙ ይገባል፣ ብድሩም ይለቀቃል። ሥራው ሲከስር ግን ዕዳውን የሚከፍለው ሰነዱን የገለበጠው ሰው አይደለም። ጥናቱ ከማንም በፊት የሚያስፈልገው ገንዘቡን ለሚያወጣው ሰው ነው፤ ዋጋውም የሚለካው አስፈላጊ ሲሆን «ይህ ነገር ይቅርብህ» ለማለት በመቻሉ ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው፤ 1,000 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የማርባት ሥራ። የመረጥነው ተደራጅተው የሚነሱ ወጣቶች፣ ጡረተኞች፣ ከዓረብ አገር ያጠራቀሙትን ይዘው የሚመለሱ እኅቶችም ቶሎ የሚያስቡት ሥራ በመሆኑ ነው። ዶሮ እርባታንም የሚያበረታታው የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ከተጀመረ ወዲህም ወደ ዘርፉ የገባው ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ባለ ገበያ ሳያጠኑ መግባት ጉዳቱ የከፋ ነው።

1. ጥያቄውን በጽሑፍ ያስቀምጡ

«ዶሮ እርባታ ያዋጣል ወይ?» ለሚል ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አይገኝም። ምን፣ የት፣ ስንት፣ በስንት ጊዜ የሚሉትን ያካተተ ጥያቄ ይጻፉ፦ «በቢሾፍቱ ዳርቻ በኪራይ ግቢ 1,000 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ባረባ፣ ለቤትና ለዕቃ ያወጣሁት ገንዘብ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ወይ?» ከሥሩም «ካልተመለሰ እተወዋለሁ ወይም ዕቅዱን እቀይራለሁ» ብለው ይፈርሙበት። ገደቡ ከስሌቱ በፊት መጻፍ አለበት፤ ሰው ሐሳቡን ከወደደው በኋላ ቁጥሩን ወደ ፍላጎቱ ማጠፉ አይቀርም።

2. ከገበያው ይጀምሩ

አብዛኛው ሰው ከቤት ግንባታ ይጀምራል። እርስዎ ግን አስቀድመው ሱቅ፣ ጅምላ ነጋዴ፣ ሆቴልና ኬክ ቤት እየዞሩ ይጠይቁ፦ በሳምንት ስንት እንቁላል ትወስዳላችሁ? ከማን? በስንት? የምትከፍሉት በእጅ ነው ወይስ በዱቤ? ሱቅ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የእርስዎ ዋጋ አይደለም፤ የእርስዎ ዋጋ ነጋዴው ከአርቢው የሚረከብበት ነው። የተነገረዎትን ሁሉ ቀን እየጻፉ ይመዝግቡ።

ቀጥሎ የዓመቱን የዋጋ ውጣ ውረድ ይመርምሩ። የኦርቶዶክስ ተከታይ በሚበዛበት አካባቢ የእንቁላል ፍላጎት ከጾም ጋር ይወርዳል፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ይነሣል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። አሁን ይህን ልብ ይበሉ፦ የአንድ ቀን ጫጩት መስከረም 1 ቢያስገቡ፣ 20 ሳምንት ሞልቶት መጣል የሚጀምረው በጥር ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ነው። ምርቱ ጣሪያ የሚነካው በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ማለትም በመጋቢት አጋማሽ ነው፤ ያ ደግሞ በየትኛውም ዓመት ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ብዙ እንቁላል የሚያገኙበት ወር ገዢ የሚጠፋበት ወር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የማስገቢያውን ወር ከፋሲካ ወደ ኋላ ቆጥረው ይወስኑ፤ ወይም በጾምም የሚገዙ ሆቴሎችንና የሙስሊም ማኅበረሰብ ያለበትን ገበያ አስቀድመው ያመቻቹ።

3. ሥራው በተግባር መቻሉን ያረጋግጡ

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መጠን ነው። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ለ1,000 ዶሮ በአማካይ 115 ኪሎ፣ በዓመት ወደ 420 ኩንታል ይሆናል። ውኃው በቀን ከ200 እስከ 300 ሊትር ነው። በጉዝጓዝ ላይ የሚረቡ ከሆነ በካሬ ሜትር ከአምስት እስከ ስድስት ዶሮ ስለሚያዝ ወደ 200 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቤት ያስፈልጋል።

እነዚህን መጠኖች ይዘው ቦታው ላይ ይቁሙ። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ጫጩቶቹ በምን ይሞቃሉ? በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተርና ፉርሽካ ከየት ይመጣል? ክረምት መንገዱ መኪና ያስገባል? በቅርብ ሌላ የዶሮ እርባታ ካለ ፈንግልና ጉምቦሮ ለመዛመት ይቀላቸዋል። ክትባት የሚያመርተው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ቢሾፍቱ ቢሆንም፣ ለእርስዎ ወሳኙ በአካባቢዎ ክትባቱን ቅዝቃዜውን ጠብቆ የሚያቀርብና በጊዜው የሚሰጥ ባለሙያ መኖሩ ነው። ስሙንና ክፍያውን ጥናቱ ላይ ያስፍሩ።

4. ፈቃድና ጎረቤት

ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው የሚፈለገውን ሁሉ ዝርዝር ይጠይቁ፤ የአካባቢ ተጽዕኖን ጉዳይም እዚያው ያጣሩ። የኪራይ ውልዎ ዘመን ገንዘብዎ ከሚመለስበት ጊዜ ካጠረ ጥናቱ እዚህ ላይ ቆም ይበል። መኖሪያ ሰፈር መሀል ከሆነ ሽታው ነገ ክስ ያመጣል፤ ኩሱ የት እንደሚሄድና ለማዳበሪያ ማን እንደሚወስደው ከወዲሁ ይታወቅ።

5. ገንዘቡን በሦስት ዝርዝር ይክፈሉት

የመጀመሪያው ዝርዝር አንዴ የሚወጣው ነው፦ ቤት፣ መመገቢያ፣ ማጠጫ፣ የውኃ ታንከር። ለእያንዳንዱ ቢያንስ ከሦስት ሻጭ ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። ሁለተኛው የሥራ ማስኬጃ ነው፤ ብዙ እርባታ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሺህ ጫጩት ለመጣል እስኪደርስ 70 ኩንታል ገደማ መኖ ይበላል፤ በእነዚያ አምስት ወራት አንዲት ሳንቲም አይገባም። ያደገ ቄብ ከገዙ ጊዜው ያጥራል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል፤ ሁለቱንም አስልተው ያነጻጽሩ። ሦስተኛው ሥራው ከተጀመረ በኋላ በየቀኑ የሚወጣው ነው። የራስዎንና የቤተሰብዎን ጉልበት እዚህ ላይ በደመወዝ ያስሉ፤ ነፃ ጉልበት የሚባል ነገር የለም።

6. የአንድ ቀን ሒሳብ ይሥሩ

የሚከተሉት ዋጋዎች ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ እርስዎ በሰበሰቡት ይተኩዋቸው። መኖ በኪሎ 50 ብር፣ የእንቁላል መሸጫ 13 ብር፣ ከ1,000 ዶሮ በቀን 750 እንቁላል እንበል። ለዶሮ መተኪያ፣ ደመወዝ፣ መድኃኒት፣ ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ወለድ በድምሩ በቀን 3,000 ብር ይውጣ።

ገቢ፦ 750 × 13 = 9,750 ብር።
መኖ፦ 115 × 50 = 5,750 ብር።
ጠቅላላ ወጪ፦ 8,750 ብር።
ትርፍ፦ በቀን 1,000 ብር።

8,750ን ለ13 ሲያካፍሉ 673 ይመጣል። በቀን ከ673 እንቁላል በታች ካገኙ እየከሰሩ ነው።

7. ሒሳቡን በክፉ ቀን ይፈትኑት

አሁን አንድ አንድ ነገር እያበላሹ ይመልከቱ። ምርቱ ወደ 650 ቢወርድ በቀን 300 ብር ኪሳራ። መኖ በ20 በመቶ ቢወደድ 150 ብር ኪሳራ። የጾም ዋጋ 11 ብር ቢሆን 500 ብር ኪሳራ። የአንዱ ብቻ መበላሸት ትርፉን ይበላዋል፤ በሕይወት ደግሞ ሁለት ሦስቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚገባ ቫይታሚንና መድኃኒት የሚጠቀም ሁሉ ወጪ በድንገት ሲንር አይቷል። በደህናው ቀን ስሌት ላይ ብቻ የቆመ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው።

8. ወደ ጥያቄው ተመልሰው ይወስኑ

ለቤትና ለዕቃ 900,000 ብር ወጥቷል እንበል። በቀን 1,000 ብር ትርፍ በዓመት 365,000 ነው፤ ምንም ሳይጎድል እንኳ ገንዘቡ የሚመለሰው ወደ 30 ወር ገደማ ነው፤ የማሳደጊያው አምስት ወር ሲጨመር ደግሞ ከሦስት ዓመት ብዙ አያንስም። ከተቀመጠው የሁለት ዓመት ገደብ አልፏል። እንግዲህ መልሱ «እንዲህ ሆኖ አይሠራም» ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር ቀረ ማለት አይደለም። ጥናቱ የትኛውን ብሎን ማጥበቅ እንዳለብዎ አሳይቶዎታል። ጅምላ ነጋዴውን አልፈው ለሆቴሎችና ለኬክ ቤቶች በአንድ ብር ጭማሪ ቢያስረክቡ የቀኑ ትርፍ 1,750 ብር ይሆናል። ያኔ ገንዘቡ በ17 ወር ገደማ ይመለሳል፤ ከማሳደጊያው ጊዜ ጋር 22 ወር ነው፣ ገደቡ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የቀረው ሥራ ግልጽ ነው፦ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት እነዚያን ደንበኞች በጽሑፍ ማስማማት። ከተስማሙ ሰባተኛውን ደረጃ በአዲሱ ዋጋ ይድገሙና ይጀምሩ። ካልተስማሙ በ200 ዶሮ ሞክረው ገበያውን ይወቁት፣ ወይም ገንዘብዎን ለሌላ ሥራ ያቆዩት።

በመጨረሻም ሁሉንም በአንድ ገጽ ያጠቃልሉ፤ ጥያቄው፣ ውሳኔው፣ ውሳኔውን የሚያፈርሱት ሁለት ወይም ሦስት ቁጥሮች። በሙያው የቆየ አርቢና አንድ የሒሳብ ሰው እንዲያነቡትና እንዲተቹት ይስጧቸው። የባንኩን ጥራዝ ባለሙያ ሊያዘጋጅልዎ ይችላል፤ ውስጡ የሚገቡትን ቁጥሮች ግን በእግርዎ ዞረው የሰበሰቧቸው ይሁኑ። ሥራው ከተጀመረ በኋላም በየሳምንቱ ትክክለኛውን የእንቁላል ቁጥርና የመኖ ዋጋ ከዚህች ገጽ ጋር ያመሳክሩ፤ የኪሳራ ወሰንዎ (በምሳሌአችን በ13 ብር ዋጋ 673 እንቁላል) መቅረቡን ቀድመው ካዩ ለማስተካከል ጊዜ ይኖርዎታል።