ጫማ የሚፈተንበት ቤት፦ የሳትራ ታሪክ

በእንግሊዝ የኖርዝሃምፕተንሻየር ግዛት የታወቀ የጫማ አገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካዎቹ ለብሪታንያና ለተባባሪዎቿ ወታደሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ቦት ጫማ አስረክበዋል። መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ፣ በአንድ ዘርፍ ያሉ ፋብሪካዎች አዋጥተው የጋራ የምርምር ማኅበር ቢያቋቁሙ የበኩሉን እንደሚጨምር አስታወቀ። ዛሬ ሳትራ በሚል ስም የሚታወቀው የጫማ ምርምር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው በዚሁ መንገድ ነው።

ተፎካካሪ ነጋዴዎች ለአንድ ላቦራቶሪ መክፈላቸው እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። ቆዳው ሲሰነጠቅ ወይም ሶሉ ሲላቀቅ ኪሳራው ሁሉንም ያገኛል፤ ምክንያቱን ለብቻ ማጥናት ደግሞ ለትንሽ ፋብሪካ የማይቻል ነው።

የማኅበሩን አሠራር ለመረዳት ላስቶሜትር የተባለውን መሣሪያ ማየት ይበቃል። ጫማ ሠሪ ቆዳውን በፎርማ ላይ ወጥሮ ሲጎትት በጣቱ ጫፍ በኩል ገጹ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ቆዳው ተገዝቶና ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው። መሣሪያው በክብ የተያዘችን ቁራጭ ቆዳ በብረት ኳስ ከሥር እየገፋ ስንት ሚሊሜትር ስትለጠጥ እንደምትሰነጠቅ ይለካል። በቆዳ ገዥና በፋቂ መካከል የነበረው ጭቅጭቅ በዚህ ወደ ቁጥር ተለወጠ። ለገበያ ከዚህ የበለጠ አገልግሎት ማግኘት ያስቸግራል።

የብሪታንያ ጫማ ሥራ ወደ እስያ ሲሸሽ ማኅበሩ አብሮ አልከሰመም። መቀመጫውን በኬተሪንግ ከተማ እንዳደረገ ለቸርቻሪዎችና ለአስመጪዎች ምርመራ መሸጥ ጀመረ፤ የደኅንነት ጫማን፣ ጓንትንና የቤት ዕቃን ጨመረ፤ በቻይናም ዶንግጓን ላቦራቶሪ ከፈተ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ደግሞ የእንግሊዙ የምስክር ወረቀት በኅብረቱ ዘንድ ዋጋ እንዳያጣ አየርላንድ ውስጥ እህት ድርጅት ነበረው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ቆዳና ጫማ ላኪም ቅርብ ነው። ከሚያዝያ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ከሰውነት ጋር የሚነካካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ 3 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ክሮሚየም ስድስት ከተገኘበት በአውሮፓ ኅብረት አይሸጥም። ይህ ንጥረ ነገር ፋብሪካው ሳይጨምረው፣ በክሮም በለፋ ቆዳ ውስጥ በሙቀትና በብርሃን ምክንያት በኋላ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ ንጹሕ የነበረ ዕቃ ወደብ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ የመመለሻ ጭነቱንም ማን እንደሚከፍል የሚወስነው ቀድሞ የተፈረመው ውል ነው።