ሥሩን የማትጨርስ ፍልፈል

ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ወደ ገብረ ጕንዳን ላከው፤ እኔ ደግሞ አባካኙን በኦጋዴን፥ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ በረሃ ወደምትኖር ጠጉር አልባ ፍልፈል እልከዋለሁ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለ እርስዋ ጽፎአል። ቁመትዋ ጣት ያህላል፥ መልክዋም አያምርም፤ ነገር ግን የፈጣሪ እጅ ሥራ ናትና አትናቃት።

እነዚህ ፍልፈሎች 70 ወይም 80 ያህል ሆነው በአንድ ጕድጓድ ይኖራሉ፤ የምትወልደውም አንዲት ንግሥት ናት። እርስዋ ሌሎቹን እየገፋች ታስጨንቃለችና በዚህ አትምሰላት።

ውኃ አይጠጡም፤ ምግባቸውም መጠጣቸውም ከምድር በታች የሚያገኙት ትልቅ ሥር ነው። ውስጡን ይበላሉ እንጂ ልጡን ይተዋሉ፤ ስለዚህ ሥሩ እንደ ገና እያደገ ብዙ ወራት ይመግባቸዋል። አንተ ግን ደመወዝህን በተቀበልህባት ሌሊት በመሸታ ቤት ብትጨርሰው፥ ልጆችህ እስከሚመጣው ወር ድረስ ምን ይበላሉ?

በበጋ ምድሪቱ እንደ ድንጋይ ትጠነክራለችና፥ ሌላ ሥር ለመፈለግ ዝናብን ይጠብቃሉ። ዝናብም በመጣ ጊዜ ተሰልፈው ይቈፍራሉ፤ ፊተኛው በጥርሱ አፈሩን ይነድላል፥ ተከታዮቹ ወደ ኋላ ይጠርጉታል፥ የመጨረሻውም ከጕድጓዱ አፍ ቆሞ ወደ ውጭ ይበትነዋል። እባብ የሚያደባው ይህን የመጨረሻውን ለመንጠቅ ነው።