በድንኳን ያለ ሰው ለልጁ ድንኳን ይሰፋል?

ንባብ፦ ዘሌዋውያን 23፥39-43፤ 1ኛ ሳሙኤል 2፥18-19

በእኛ ብሎክ አንዲት እናት ከአሮጌ አንሶላ ለልጇ መጫወቻ ድንኳን ስትሰፋ ያዩ ጎረቤቶች ተቆጡ። «ድንኳን ገና አልሰለቸንም እንዴ! ልጁ ቤት ይመኝ እንጂ ስደትን ይጫወት?» አሉ። ይህ ንግግር ሕመም አለበት። ዝም ብለን አንለፈው፣ ቃሉን እንይ።

እግዚአብሔር ለእስራኤል የዳስ በዓልን ሰጠ። ልብ በሉ፣ በዓሉ የሚከበረው ምድሪቱ ገብተው ፍሬዋን ከሰበሰቡ በኋላ ነው። ቤት አላቸው እኮ! ግን በየዓመቱ ሰባት ቀን ወጥተው ዳስ ውስጥ ይቀመጣሉ። ምክንያቱ ቁጥር 43 ላይ አለ፤ ከግብፅ ሲወጡ አባቶቻቸውን በዳስ ያኖራቸው እሱ እንደሆነ ልጅ ልጆቻቸው እንዲያውቁ ነው። እግዚአብሔር ያንን ዘመን ከልጆች አልደበቀም። እንዲያውም በዳሱ ደስ ይበላችሁ ነው ያለው። እኛስ አገር ዳስ ለሠርግ ይጣል የለ? ለለቅሶም ድንኳን ይተከላል። ያው ጨርቅ፣ ያው እንጨት ነው፤ የሚለየው ውስጡ የሚደረገው ነው።

ልጅ ደግሞ በዚያች ድንኳን ውስጥ ባለቤት ነው። ጓደኞቹ «ቤቶች!» ብለው ሲመጡ «ግቡ» ይላል፣ በቆርኪ ቡና ይቀዳል። ሁልጊዜ እናቱን ራሽን ወረፋ ላይ የሚያይ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ ሰጪው እሱ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐናንም ተመልከቱ። ሳሙኤል የበፍታ ኤፉድ ነበረው፣ ለአገልግሎቱ ልብስ አልጎደለውም። እናቱ ግን በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። የምታየው ለመሥዋዕት ስትወጣ ነውና ቁመቱን በግምት ሳትለካ አልቀረችም (ይህ የእኔ አሳብ ነው፣ አልተጻፈም)። ከልጆቻችሁ ተለይታችሁ በሰው እጅ ልብስ የላካችሁ ይገባችኋል።

አሰፋፉ ቀላል ነው። ርዝመታቸው 180 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አራት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ፈልጉ። ጨርቁን አራት ቦታ በሦስት ማዕዘን ቁረጡ፤ ታቹ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 140 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በየጎኑ አራት ጣት ጨምሩ፣ ለስፌቱና ለእንጨቱ ማስገቢያ ነው። የፊቱን ለሁለት ከፍላችሁ በር አድርጉት። ላዩን በገመድ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከታችም አራቱን እግሮች እርስ በርስ አያይዙ፤ አለዚያ ተንሸራቶ ልጁ ላይ ይወድቃል። ላስቲክ ሸራ አይሆንም፣ በዚህ ሙቀት ውስጡ ምድጃ ነው። አጎበርም አይቆረጥ፣ እሱ ለወባ ነው። ሻማ ደግሞ በፍጹም!

ቁራጭ ጨርቅ ያላችሁ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይዛችሁ ኑ። መርፌና ክር አለ። ልጆቹም ይምጡ፣ እንጨት ያቀብላሉ።