ሥራ ሳይለቁ ዲግሪ ለመጨረስ፦ የትምህርት መስክ አመራረጥ በሰባት ደረጃ

በዋግ ኽምራ ዝቋላ ወረዳ «ዲግሪዬን ልጨርስ» ብሎ የሚነሳው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ12ኛ ክፍል የወጣ ወጣት አይደለም። በዲፕሎማ የሚያስተምር መምህር፣ ቀበሌ ላይ የተመደበ የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ጽጽቃ ከተማ በአንዱ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ የምትይዝ እናት፣ አለዚያም በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ሥራ የገባ ሰው ነው። ደመወዙ ቤተሰብ ያስተዳድርበታል፤ ለትምህርት የሚተርፈው ገንዘብም ጊዜም አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው።

የተለመደው አካሄድ ግን ሌላ ነው። ሰቆጣ ከተማ ላይ የኮሌጅ ምዝገባ ተከፈተ ይባላል፤ የሥራ ባልደረባ ሲሄድ አብሮ ይኬዳል፤ መስኩ የሚመረጠው እዚያው ቅጽ ሲሞላ ነው። ያለው ማኔጅመንትና አካውንቲንግ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ከአራት ዓመት በኋላ «ይህ ዲግሪ ለዚህ መደብ አይሆንም» የሚል መልስ የሚመጣው በዚህ ችኮላ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከመጨረሻው ይጀመር፦ መጀመሪያ ዲግሪው የሚያስገባበትን የሥራ መደብ ይለዩ፣ ከዚያ ወደ ምዝገባው ይመለሱ።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለውን ማስረጃ ይዘርዝሩ

የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዲፕሎማ፣ የደረጃ 4 ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፤ ሁሉንም በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ተሰጥቶ ስለቀረ፣ ዲግሪ ለመግባት የሚጠየቀው መስፈርት እንደ ተማሩበት ዘመን ይለያያል። ጎረቤትዎ የገባበት መንገድ ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል።

ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ዋግን ባዳረሰ ጊዜ ቤትና ንብረት ጥለው የተፈናቀሉ ብዙዎች ማስረጃቸውንም አጥተዋል። ከነዚህ አንዱ ከሆኑ፣ መስክ ከመምረጥዎ በፊት ማስረጃውን ወደ ሰጠው ተቋም ሄደው ምትክ ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ ያቋረጡ ደግሞ ሁለት ነገር በጽሑፍ ያስመልሱ፦ የተማርኳቸው ኮርሶች የትኞቹ ይያዙልኛል? በዚያው መስክ ብቀጥል፣ መስክ ብቀይርስ ስንት ይቀረኛል? በመደበኛ መርሐ ግብር ተምረው ከነበረ የወጪ መጋራት ዕዳዎን አስቀድመው ያጣሩ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲጠይቁ ይነሳል።

ደረጃ 2፦ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ያንብቡ

ይህ የሁሉም እምብርት ነው። በወረዳው፣ በዞኑና በባንኮች በር ላይ የሚለጠፉ የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎችን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ቢያንስ አሥር ይሰብስቡ። ከዚያ ደመወዙን ትተው «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። «በአካውንቲንግ፣ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዓይነት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 4 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» ይላል እንበል። እዚህ አንድ መስመር ውስጥ ሦስት ጥያቄ አለ፦ የመስኩ ስም በትክክል ምንድን ነው? «ተመሳሳይ» የሚለው የትኞቹን መስኮች ያካትታል? 4 ዓመቱ ከየት ይቆጠራል?

አንድ ወረቀት ሁለት ቦታ ከፍለው በግራ የመስኮቹን ስም፣ በቀኝ ስንት ማስታወቂያ ላይ እንደተጠሩ ይጻፉ። ሦስትና አራት ጊዜ የተደገመው ስም ገበያውን ያሳይዎታል። አንድም ጊዜ ያልተጠራ ስም ያለው ፕሮግራም ግን፣ ኮሌጁ የቱንም ያህል ቢያሞካሸው፣ ጥርጣሬ ይገባዋል።

«ተመሳሳይ» ስለሚለው ቃል የሚወስነው ኮሌጁ ሳይሆን ቀጣሪው ነው። ስለዚህ የወረዳዎን ሲቪል ሰርቪስ ወይም የሰው ሀብት ባለሙያ የፕሮግራሙን ሙሉ ስም ይዘው ይጠይቁ። ጥያቄው አጭር ይሁን፦ «ወንድሜ፣ በዚህ ስም ዲግሪ ይዤ ብመጣ የትኞቹ መደቦች ላይ መወዳደር እችላለሁ?»

ደረጃ 3፦ የሠሩበትን ዓመት ዋጋ ያስሉ

ወጣት ተማሪ የሌለው አንድ ሀብት እርስዎ አለዎት፦ የሥራ ልምድ። ልምድ የሚያዘው ግን ከመደቡ ጋር አግባብ ሲኖረው ነው። በእንስሳት እርባታ ዲፕሎማ ዘጠኝ ዓመት የሠራ የልማት ሠራተኛ በእንስሳት ሳይንስ ዲግሪ ቢይዝ ዘጠኙ ዓመት አብሮት ይሄዳል። ያው ሰው በማኔጅመንት ቢመረቅ ግን ወደ አዲሱ መደብ ሲሄድ እንደ ጀማሪ ሊቆጠር ይችላል። መምህርም ከጀማሪ መምህርነት የሚነሳው የደረጃ መሰላል ላይ ወጥቶ ከሆነ፣ ከሙያው የሚያስወጣ ዲግሪ መሰላሉንም ያስተወዋል።

ይህ ማለት መስክ አይቀየርም ማለት አይደለም። ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ጤናው የማይፈቅድለት፣ ሙያው ከልብ የሰለቸው ሰው መቀየሩ ተገቢ ነው። የሚጠፋውን ዓመትና የደመወዝ ልዩነት ቆጥሮ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ ይቀይር። በተቻለ መጠን ደግሞ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ያህል ብቻ ይሁን፦ ከጤና ኤክስቴንሽን ወደ ሕዝብ ጤና ወይም ሥነ ምግብ፣ ከሒሳብ ሠራተኝነት ወደ ኅብረት ሥራ ሒሳብ፣ ከሰብል ልማት ወደ መስኖ።

ደረጃ 4፦ አገሩ የሚፈልገውን ይመልከቱ

ዋግ ኽምራ ውስጥ ለመኖር ያሰበ ሰው የዋግን መሬት ሳያይ መስክ አይምረጥ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2030) ለማስቆም የተገባ አገራዊ ቃል ሲሆን፣ ሥራውን ጤና፣ ግብርና፣ ውኃ፣ ትምህርትና ሌሎችም ዘርፎች ተጋርተውታል። ሥነ ምግብ፣ የውኃ አቅርቦትና የእንስሳት ሀብት እዚህ ከወረት ያለፈ ጉዳይ የሆኑት ለዚህ ነው።

የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ የዋግ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ዓሣ የሚያሰግሩበት ሆኗል። የአበርገሌ ፍየልና የዋግ ማር በገበያ ስም ያላቸው ናቸው። ድርቁ ደጋግሞ ስለሚመጣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃና የአደጋ ሥጋት ሥራ ባለሙያ ይጠይቃሉ። ሰቆጣ ያለው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ ሥነ ምኅዳር ላይ ይሠራል። ኽምጥኛ የሚችል መምህርና የጤና ባለሙያ ደግሞ ሌላ አካባቢ የማይታይለት ብልጫ እዚህ አለው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ችግር ያለበት ቦታ ሁሉ ቅጥር አለ ማለት አይደለም። የወደዱት መስክ በደረጃ 2 ዝርዝርዎ ላይ ከሌለ፣ በግልዎ ወይም በማኅበር ሊሠሩበት መቻልዎን ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ኮሌጁን ሳይሆን ፕሮግራሙን ያጣሩ

ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅናው ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ተለይቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ የተፈቀደ ፕሮግራም ሰቆጣ ላይ ወይም በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ደብዳቤውን ለማየት ይጠይቁ፤ የፕሮግራሙን ስም፣ ቦታውንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። ሊያሳይዎ ላልፈለገ ተቋም ገንዘብዎም አይገባውም።

ቀጥሎ ተቋሙ በመውጫ ፈተና ያስመዘገበውን ውጤት ይጠይቁ። ፈተናው ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 150,184 ሰዎች ያለፉት 61,054 ብቻ ነበሩ፤ 40.65 በመቶ መሆኑ ነው። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ነበሩ። ጎበዝ የግል ተቋም የለም ለማለት አይደለም፤ «በዚህ መስክ ካስፈተናችኋቸው ስንቱ አለፉ?» የሚለው ጥያቄ ግን የግድ ነው።

ደረጃ 6፦ የመስኩን ጊዜ ከሥራዎ ጊዜ ጋር ያጋጥሙ

በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትና በርቀት የሚሰጡት መስኮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ላብራቶሪና የሆስፒታል ልምምድ የሚጠይቅ ሙያ ጽጽቃ ተቀምጠው በሞጁል ብቻ የሚጨርሱት አይደለም።

የሥራዎን የዓመት ዑደት በወር በወር ይጻፉ። ለመምህር ክረምቱ ነፃ ነው፤ ለግብርና ባለሙያ ግን ክረምት ዋናው የሥራ ወቅት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ለሒሳብ ሠራተኛ ሰኔ እንቅልፍ የሌለበት ወር ነው፤ የመውጫ ፈተናው አንዱ ዙር ደግሞ በዚያው ሰሞን ይውላል። ይህ ከሆነ ለዓመቱ አጋማሽ ዙር እንዲደርሱ ኮርሶችዎን ከመጀመሪያው ያቀናጁ።

ደረጃ 7፦ ከመመዝገብዎ በፊት ራስዎን ይፈትኑ

የመውጫ ፈተናው ማለፊያ 50 በመቶ ሲሆን ፈተናው በኮምፒውተር፣ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሰጣል። ከዝቋላ የሚሄድ ሰው የመንገድና የማደሪያ ወጪ አብሮ ያስላ፤ ኮምፒውተር ያልለመደ ደግሞ አሁኑኑ ይጀምር። በመጨረሻ ለመረጧቸው ሁለት መስኮች ካለፉት ዓመታት የተዘጋጁ የሞዴል ፈተናዎችን ከተመራቂዎች ይዋሱ። አሁን መልሱን አያውቁትም፤ ግድ የለም። የሚፈልጉት ጥያቄውን ሲያነቡ «ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ» ማለትዎን ነው። ሒሳብ የበዛበት መስክ ላይ ሁለተኛው ገጽ ካስመረረዎ፣ ለአራት ዓመት ከመክፈል አሁን ማወቅ ይረክሳል።

ከወሰኑ በኋላ ለመሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። ወጪውን መሥሪያ ቤቱ የሚሸፍን ከሆነ ውሉን ሳይፈርሙ ያንብቡ፤ ተምረው ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉና ቢለቁ ምን እንደሚከፍሉ እዚያ ተጽፏል። የፈቃድ ደብዳቤው ኮፒ በግል ማኅደርዎ ይግባ።

ሁለት መስኮች እስከዚህ ድረስ እኩል ከመጡብዎ፣ ከአንድ በላይ የሆኑ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀበሉትን ይያዙ። አንዱ መደብ ቢታጠፍ፣ አንዱ ፕሮጀክት ቢዘጋ፣ ዲግሪዎ ሌላ በር ያንኳኳል።