6,000 ብር ስንት ብር ነው?

ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ ከፍ ብሎ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ የካሮዎች መንደር ነው። ከጂንካ ተነስቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቀይ አፈርን፣ ዲመካንና ቱርሚን ያልፋል፤ ከቱርሚ ወዲያ ያለው መንገድ በደረቁ ወቅት አቧራ፣ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ ነው። በዚህ አካባቢ ለጎብኚዎች ማረፊያ ልክፈት ብሎ የሚነሳ ሰው ድንኳኑን፣ ጄኔሬተሩንና መኪናውን በጥንቃቄ ያሰላል። ወደ ሠራተኛ ሲመጣ ግን ስሌቱ በድንገት ያጥራል፦ ምግብ አብሳይ በወር 6,000 ብር፣ ሲባዛ በ12፣ 72,000 ብር፤ አለቀ። በዚህ ምዕራፍ የምሞግተው ይህን ብዜት ነው። 72,000 ብር የሠራተኛው ዋጋ አይደለም፤ የዋጋው መነሻ ነው። የቀረውን ቀጣሪው ቢያሰላውም ባያሰላውም ይከፍለዋል። ምርጫው አስቀድሞ አውቆ መክፈል ወይም በኋላ ሳያስበው መክፈል ብቻ ነው። ምሳሌዬን ከአዲስ አበባ ያላመጣሁት በምክንያት ነው። በከተማ ሠራተኛው በገዛ ቤቱ ያድራል፣ ምሳውን ከኪሱ ይበላል፣ በታክሲ ይመላለሳል፣ ሲታመም በቅርብ ካለ ክሊኒክ ይታከማል፤ ስለዚህ ወጪው ለቀጣሪው አይታየውም። ኮልቾ ላይ ይህ ሁሉ ቀጣሪው ደጃፍ ላይ ይወድቃል።

ከ6,000 ብሯ ራሷ እንጀምር። ይህች ቁጥር ስትነገር ቀጣሪውና ተቀጣሪው ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ቀጣሪው ጥቅል ደመወዝ ማለቱ ከሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይነካውም፤ ቀጥሎ ያለው 2,000 ብር 15 በመቶ፣ የመጨረሻው 2,000 ብር ደግሞ 20 በመቶ ይቆረጥበታል። ግብሩ በድምሩ 700 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ነው። ሠራተኛው እጅ የሚገባው 4,880 ብር ብቻ ይሆናል። ቀጣሪው ግን በራሱ በኩል 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ 660 ብር ይጨምራል፤ ከኪሱ የሚወጣው 6,660 ብር ነው። አንዱ 6,660 ከፈልኩ ሲል ሌላው 4,880 ተቀበልኩ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሠራተኛው «በእጄ 6,000 እፈልጋለሁ» ብሎ፣ ቀጣሪውም «እሺ» ብሎ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ግብሩና መዋጮው ተቆርጦ 6,000 ብር እንዲተርፍ ጥቅል ደመወዙ ወደ 7,574 ብር መድረስ አለበት። የቀጣሪው 11 በመቶ ሲታከልበት ወጪው ከ8,400 ብር ያልፋል። በአንዲት «እሺ» ምክንያት በወር ከ1,700 ብር በላይ ልዩነት ተፈጠረ። በትንንሽ ድርጅቶች በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ለሚነሳ ቅሬታ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ሁለቱም አላታለሉም፤ ያው ቁጥር ሁለት ትርጉም ስለነበረው ብቻ ተኮራረፉ። ስለዚህ ቀጣሪ ሁሉ ከመስማማቱ በፊት «ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ምንም ወጪ የሌለው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ስውር ወጪ የተከፈለበትና የተሠራበት ቀን አለመመጣጠኑ ነው። ዓመቱ 365 ቀን ነው። 52ቱ የሳምንት ዕረፍት ናቸው፤ 313 ቀን ይቀራል። የሕዝብ በዓላትን 12 ብንይዝ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚሰጠውን የ16 የሥራ ቀን ፈቃድ ብንቀንስ 285 ቀን ገደማ ይተርፋል። ደመወዙና መዋጮው በዓመት 79,920 ብር ስለሆነ አንዱ የሥራ ቀን 280 ብር ወጣበት ማለት ነው፤ 6,000ን ለ26 ቀን አካፍሎ 231 ብር ነው ብሎ ያሰበ ሰው ተሳስቷል። ይህ እንግዲህ አንድም ቀን ካልታመመ ነው። ታችኛው ኦሞ ወባማ ቆላ ነው፤ የማይታመም ሠራተኛ ይዞ ማቀድ አይቻልም። ሕጉ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን እንዲከፈለው ያዛል። ለወለደች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። አዲስ ቀጣሪዎች ይህን እንደ ድንገተኛ አደጋ ያዩታል። ነገር ግን ሰው መታመሙና መውለዱ ድንገተኛ አይደለም፤ የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው።

የሌሊት ጥበቃውን ነገር ለብቻው ልመልከተው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ማረፊያ ካምፑ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይጠበቃል፤ በሳምንት 84 ሰዓት ይሆናል። ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛ ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ሲሆን ትርፍ ሰዓት ደግሞ ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በድምሩ 60። ስለዚህ «አንድ ዘበኛ ይበቃኛል» የሚለው ዕቅድ በሕግም በሰው አቅምም የማይቆም ነው። ትርፍ ሰዓቱም በተራ ዋጋ አይከፈልም፦ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ነጥብ ሰባ አምስት እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በወረቀት ላይ አንድ የነበረው ዘበኛ ሁለት ሰው ነበር።

አሁን ርቀቱን እንጨምር። የጂንካ ምግብ አብሳይ ኮልቾ አካባቢ ሲሠራ መኝታ፣ ምግብ፣ መመላለሻና ሲታመም ወደ ጂንካ ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና ያስፈልገዋል። ለስሌት ያህል ምግቡን በቀን 100 ብር፣ ጉዞና ሕክምናውን በወር 600 ብር እንያዝ፤ አንባቢ በራሱ ገበያ ዋጋ ይተካው። 6,660 ላይ 3,000 የምግብ፣ 600 የጉዞና የሕክምና፣ በፈቃዱ ጊዜ ለሚተካው ሰው 370 ገደማ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ሠራተኛ ቢቀንስ ለሚከፈለው የስንብት ክፍያ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ 500 ብር ቢቀመጥ፣ ድምሩ 11,130 ብር ይሆናል። አምስት እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ላሉት ካምፕ ከደመወዝ ውጭ ያለው ወጪ በዓመት ከ300,000 ብር ይበልጣል። መኝታ ቤት መሥራቱንም፣ የሥራ ልብሱንም አልቆጠርኩም።

«ይህ ሁሉ ከሆነ ደመወዙን ዝቅ አድርጌ አካክሳለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። በሕግ የሚከለክለው የለም፤ በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን የለም። መልሱን ግን ከዚሁ ከደቡብ እናገኘዋለን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሚስቡት ነገሮች አንዱ ርካሽ ጉልበት ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብአዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር፣ ልብስ አምራች ከሆኑ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጸ። ያው ጥናት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበር አሳይቷል። የፋብሪካው ወጣት ሠራተኛ በ26 ዶላር ቤት ተከራይታ፣ በልታ መኖር አልቻለችም። ቀጣሪው ያላሰላውን የመኖሪያና የምግብ ወጪ እሷ እንድትሸከም ተደረገች፤ ሲከብዳት ሄደች። ፋብሪካው የቆጠበውን ገንዘብ በሥልጠና፣ በተበላሸ ልብስና ባዶ በዋለ ማሽን መልሶ ከፈለው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ወደ 1,000 በሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎች ላይ ባካሄዱት ጥናትም ሥራውን ካገኙት ሢሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀዋል። ሐዋሳ ከተማ ናት፤ የሄደውን የሚተካ በማግስቱ ሊገኝ ይችላል። ኮልቾ አጠገብ እንግዶች በተቀመጡበት ምግብ አብሳይ ቢሄድ ተተኪው እስኪገኝ ድረስ ምን ይደረጋል?

«ከመንደሩ ሰው እቀጥራለሁ» የሚለው ሐሳብ የተሻለ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። መኝታና መጓጓዣው ይቀራል፤ የኦሞ ወንዝ ግድብ ግልገል ጊቤ 3 ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የኦሞን ሙላት ተከትለው ማሽላ ሲያርሱ ለኖሩት ካሮዎች የደመወዝ ገቢ ከቀድሞው የበለጠ ያስፈልጋል። ግን ይህም ያለ ወጪ አይመጣም። ወጣቱን ለማሠልጠን ወራት ያስፈልጋሉ፤ የሕጉ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ብቻ ነው። በእርሻና በከብት ጊዜ ቤተሰቡ ይፈልገዋል፤ ይህንን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ቀጣሪ አገሩን አያውቅም ማለት ነው። ከመኝታው የተረፈውን ብር ለሥልጠናውና ለተተኪው መመደብ ይገባል። የመንደር ሰው ነውና በግማሽ ደመወዝ ይሥራ ማለት ግን ፍትሕ አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ውል አልጽፍም፣ ጡረታም አልከፍልም» የሚለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል፤ በቃል የተቀጠረ ሰው ሙሉ መብት አለው፤ በጽሑፍ አለመኖሩ ሠራተኛውን ሳይሆን ማስረጃ ያጣውን ቀጣሪ ይጎዳል። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ ቀጣሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፦ ሕክምናውን ይሸፍናል፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል፣ ከዚያም ለተወሰኑ ወራት ከፊሉን። ወቅታዊ ሥራ ያለው ሰው ሕጋዊ መውጫ አለው፤ አዋጁ ለወቅታዊ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ውል መግባትን ይፈቅዳል፣ የዓመት ፈቃዱም በሠራበት ጊዜ ልክ ይሰላል። ጎብኚ በማይመጣበት የዝናብ ወር ደመወዝ መክፈል የከበደው ካምፕ በዚህ ይጠቀም፤ መደበቅ አያስፈልገውም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የሚቀጥለውን ሠራተኛ ከመቅጠርዎ በፊት አንድ ወረቀት ይውሰዱና ጥቅል ደመወዙን፣ 11 በመቶውን፣ ምግቡን፣ መኝታውን፣ ጉዞውን፣ የፈቃዱን ተተኪና የስንብቱን ተቀማጭ በየመስመሩ ይጻፉ። ድምሩ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ አምስት ሰው ልቀጥር ያሉትን ሦስት ያድርጉት፤ ሦስቱን ግን በሙሉ ዋጋቸው ይቅጠሩ። ወረቀቱንም ለሚቀጠረው ሰው ያሳዩት፤ 6,000 ብሩ እንዴት 4,880 ሆኖ እጁ እንደሚገባ ከመጀመሪያው የደመወዝ ቀን በፊት ይወቅ።