የአዲስ ሽጉጥ ምላጭ አንዴ ሲከብድ አንዴ ሲቀል፤ ምርመራውና አያያዙ

በወላይታ፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ በጉኑኖ ከተማ፣ በሕግ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ በጥበቃ ሥራ የሚያድር ሰው፣ አዲስ አጭር ሽጉጥ በእጁ በገባ ሰሞን ምላጩ አንድ ጊዜ ከብዶ ሌላ ጊዜ ቀልሎ ቢያገኘው፣ «ብረቱ ጉድለት አለበት» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ፍርዱ ግን ምርመራውን መከተል እንጂ መቅደም አይገባውም፤ ይህን የመሰለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው ጠባይ፣ ከጣቱ አቀማመጥ ወይም ከአቧራ የሚመጣ ሲሆን፣ እውነተኛው የብረት ሕመም መፈለግ ያለበት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ካዝናው ይውጣ፤ ቀጥሎ ተንሸራታቹ ክፍል ወደ ኋላ ተስቦ ይያዝና የጥይቱ ጉሮሮ በዓይን ይታይ፣ በትንሿ ጣትም ይዳሰስ፤ ማታ በእጅ ባትሪ ለሚሠራ ሰው ዓይን ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ተንሸራታቹ ቀድሞ ተስቦ ካዝናው በኋላ ቢወጣ፣ ከካዝናው አንዲት ጥይት ወደ ጉሮሮው ገብታ ትቀራለች፤ «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ ሰው ሊገድል የሚችለው እንዲህ ባለ ስሕተት ነው። ጥይቱ ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰድ፤ አፈሙዙም ወደ አፈር ቁልል ይዙር እንጂ ወደ ጭቃ ግድግዳ አይዙር፤ የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፣ ከግድግዳው ማዶም ጎረቤት አለ።

ሁለተኛው ነገር የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ነው። በአገራችን እጅግ የታወቀው ማካሮቭ፣ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ባለ 8 ጥይት ሽጉጥ፣ መዶሻው ተኝቶ ሳለ ምላጩ ሲሳብ አንዱ ጣት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም መዶሻውን ወደ ኋላ ያነሣል፣ ደግሞም ይለቅቀዋል። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ግን ተንሸራታቹ ራሱ መዶሻውን ደግኖ ስለሚተወው፣ ለጣት የሚቀረው መልቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ረጅምና ከባድ፣ የሚከተሉት አጭርና ቀላል መሆናቸው የሠሪው ሐሳብ እንጂ ሕመም አይደለም። መዶሻ የሌላቸው፣ መርፌያቸው በተንሸራታቹ እንቅስቃሴ በከፊል የሚደገን አዳዲሶቹ ዓይነቶች ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ክብደት ሊሰጡ ይገባል፤ በእነርሱ ላይ የሚታይ መለዋወጥ ጥርጣሬ ቢያስነሣ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው መለካት ነው። እስከ 10 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ የሞላ ሚዛን ትበቃለች፤ የቡና ጆንያ የሚመዘንባት ትልቋ ሚዛን ለዚህ ሥራ አትሆንም። መንጠቆው በምላጩ መካከል ይግባና ከበርሜሉ ጋር ትይዩ ሆኖ በዝግታ ወደ ኋላ ይሳብ፤ ከ10 ጊዜ ልኬት የተገኘው ቁጥርም በወረቀት ይጻፍ። በማካሮቭ የመጀመሪያው ከመጀመሪያው፣ የተደገነው ከተደገነው ጋር ብቻ ይነጻጸር። መንጠቆው ወደ ምላጩ ጫፍ ሲወርድ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ወደ ላይ ወደ ማጠፊያው ሲጠጋ ይጨምራል፤ የሰው ጣትም እንዲሁ ነውና፣ በአጭር እጀታ ላይ እጁ ቦታ አጥቶ ጣቱ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሰው ለውጡን ራሱ እየፈጠረ በብረቱ ያማርራል። በሚዛኑ ልዩነቱ ከሩብ ኪሎ ካልበለጠ ጉዳዩ የጣት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ግን ምርመራው ይቀጥላል።

አራተኛው፣ እኔም ከሁሉ የማስበልጠው፣ ማጽዳት ነው። አዲስ ሽጉጥ ከፋብሪካው ዝገት በሚከላከል ወፍራም ቅባት ተለቅልቆ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ቅባት ከጉኑኖ ቀይ አፈር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሊጥ የመሰለ ነገር ይሆናል። በበጋ መንገዱ ሲጨስ አቧራው በወገብ ላይ ባለው አፎት ሾልኮ የምላጩ ዘንግ ከሚመላለስበት ጠባብ ቦታ ይገባል። እንግዲህ ሽጉጡ የሠሪው መመሪያ በሚያዝዘው ልክ ብቻ ተፈትቶ በጥርስ ብሩሽና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይወልወል። ነጭ ጋዝ ቅባቱን ያሟሟል፤ ከእሳት ርቆ ይሠራበት፣ ብረቱንም ደረቅ አድርጎ ስለሚተው ከኋላው ቀጭን የመሣሪያ ዘይት ጠብታ በጠብታ ይከተል፣ ትርፉም ይጠረግ። የኑግ ዘይት ግን አይነካው፤ አየር ሲያገኘው ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። ከዚህ በኋላ 10ሩ ልኬት እንደገና ይደገም።

ለውጡ አሁንም ካለ የእጀታው ብሎኖች ይታዩ፤ ከመጠን በላይ ጠብቀው ወይም ላልተው እጀታው የምላጩን ዘንግ እየነካ ይሆናል። በማካሮቭ ይህ የበለጠ ትኩረት ይሻል፤ በእጀታው ውስጥ ያለው አንድ ጠፍጣፋ ሞላ መዶሻውንም የምላጩን ዘንግም የሚገፋ ሲሆን፣ የታችኛው ጫፉ ደግሞ ካዝናውን የሚይዘው መቆለፊያ ነው። ስለዚህ ልኬቱ አንድ ጊዜ ባዶ ካዝና ገብቶ፣ አንድ ጊዜ ወጥቶ ይወሰድ፤ ያለ ካዝና ምላጫቸው ከቶ የማይሠራ ሽጉጦችም ስላሉ ባለ መሣሪያው በዚህ አይደንግጥ። አዳዲስ ብረቶች በሥራ እስኪላመዱ የሚታይ ጥቂት ሻካራነት በልምምድ ጥይት ባዶውን በመሳብ ይለሰልሳል፤ እውነተኛ ጥይት ለዚህ መጨረስ ከንቱ ወጪ ነው።

ተንሸራታቹ ሲዘጋ መዶሻው አብሮ ከወደቀ፣ መጠበቂያው ተቆልፎ ሳለ ምላጩ መዶሻውን ከለቀቀ፣ ወይም ምላጩ ተስቦ ካልተመለሰ፣ የቤት ምርመራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ መሣሪያውም በዚያው ቀን ከወገብ ይፈታ። ሞላ መቁረጥና መዶሻውን የሚይዘውን ጥርስ በሞረድ ማሳሳት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የወላይታ ጠቢባን በተግባረ እድ ማረሻና ቢላዋ የሚያወጡበት እጅ ክብር ይገባዋል፤ ነገር ግን ይህ ጥርስ በእሳት የጠነከረው ላዩ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ በሞረድ ጥቂት ቢነካ ልስላሴው የአንድ ሰሞን ሆኖ፣ በኋላ ሽጉጡ ሳይነኩት የሚተኩስ ይሆናል። መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ከተሰጠው የፈቃድ ወረቀት ጋር ወደ አስታጣቂው መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ይቅረብ፤ የልኬቱ ወረቀትም አብሮ ይሰጥ፤ «አንዳንዴ ይከብዳል» ከሚል ቃል ይልቅ የ10ሩ ቁጥር ጠጋኙን ቶሎ ይመራዋል። ከጥገና ሲመለስም በዚያው ሚዛን ያው 10 ልኬት ይወሰድ፤ ቁጥሮቹ ካልተቀራረቡ በርክክቡ ወረቀት ላይ አይፈረም።