ደረሰኙ የታል?

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ገዝቶ ያልተናደደ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ርእስ ፍለጋ ስንከራተት ርእሱ ራሱ እግሬ ሥር መጣልኝ። የገዛሁት የሩጫ ጫማ ሶሉ ተላቀቀ። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ጫማው ብቻ አይደለም። ስለ ጫማው የጻፍኩት ጽሑፍ ለምን ተመለሰብኝ የሚለውንም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ ኮርስ የምትወስዱ የዲፓርትመንታችን ልጆች ብታነቡት አትጎዱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልሮጥ ተመዝግቤ ነበር። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስታዲየም አካባቢ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ገባሁ። ቱታው፣ መለያው፣ ታኬታው ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰቅሏል። በእኔ ዕድሜ ያለች አንዲት ልጅ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ዓይነት መስተንግዶ አልጠበቅኩም። አራት ዓይነት ጫማ አወረደችልኝ፣ ቁጭ ብላ ክሩን አሰረችልኝ፣ «በካልሲ ነው የምትሮጪው? እንግዲያው ግማሽ ቁጥር ጨምሪ» አለችኝ።

«ኦርጅናል ነው?» አልኳት።

«ኦርጅናል ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ጥሩ ኮፒ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቀጥሎም የለመድነው ጥያቄ መጣ፤ «በደረሰኝ ከሆነ 3,220 ብር፣ ያለ ደረሰኝ 2,800።» ልዩነቱ 15 በመቶ ቫት መሆኑ ነው። ለተማሪ 420 ብር ቀላል አይደለም። ያለ ደረሰኝ ይሁንልኝ አልኩና ከፍዬ ወጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን ጃን ሜዳ እየሮጥኩ የቀኙ ጫማ ሶል ከፊቱ ተከፈተ። ልክ እንደ አዞ አፍ። በዚያው በላብ ልብሴ፣ ጫማውን በፌስታል ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ያቺው ልጅ ነበረች፤ ፈገግታዋ ግን የለም። በጣቷ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም»። ተከራከርን። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ሌሎች ደንበኞች ዞረው አዩን። በመጨረሻ፣ ለምን እንዳልኩት እንጃ፣ «እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፣ እጽፍባችኋለሁ!» አልኩ። ልጅቷ ትንሽ ቆመችና ምንም ሳትናገር ከመደርደሪያው ሌላ ጫማ አውርዳ በፌስታል ሰጠችኝ።

ያን ቀን ማታ ተቀምጬ ጻፍኩት። ሥራውም ቀና። ሕግም አገላበጥኩ፤ ይህ ክፍል እናንተንም ስለሚጠቅም እዚህ ላስገባው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ከዚያም በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ደንግጓል። እንግዲህ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እንደ ሕግ አንቀጽ ቢያስፈራንም፣ ባለሱቁ ራሱ ያወጣው ነገር እንጂ ይህን መብት የሚሽር አይደለም። ብዙዎቻችን ግን ወረቀቱን ስናይ አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። እኔ በዘጠነኛው ቀን ሄጃለሁ፣ ስለዚህ መብቴ ነው ብዬ በድል አድራጊነት ጽሑፉን ዘጋሁት።

መምህራችን ጽሑፉን ሲመልሱልኝ ውጤት አልሰጡበትም። በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበታል፤ «ደረሰኙ የታል?» እና «ሻጯ ምን አለች?»

የመጀመሪያው ጥያቄ አሳፈረኝ። በጽሑፌ ውስጥ ያለ ደረሰኝ መግዛቴ የለም። ኮፒ መሆኑ ተነግሮኝ መግዛቴም የለም። አልዋሸሁም፤ ብቻ ሁለቱን ነገር ዘልያቸዋለሁ። ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚጠፉት ዝርዝሮች ራሱን የሚያስወቅሱት ናቸው፤ ያውም ሳያስበው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ክፍል ውስጥ ስንሸመድድ «ማን» የሚለው ጸሐፊውንም እንደሚጨምር አላሰብኩም ነበር። ደረሰኝ የሌለው ሰው መቼ እንደገዛ፣ ከማን እንደገዛ፣ በስንት እንደገዛ በምን ያስረዳል? አስራ አምስቱን ቀን ከየት ይቆጥራል? 420 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ መከራከሪያዬን ሸጬ ነው የወጣሁት።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ልጅቷ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። ከሥራ ስትወጣ አንድ ሻይ ቤት ጠበቅኳት፤ ሻይ በዳቦ ይዘን ተቀመጥን።

«ጋዜጠኛ ነኝ ስትይኝ ያለ ደረሰኝ መሸጣችንን ጽፈሽ ሱቁን የምታሳሽጊ መሰለኝ» አለችኝ። «ጋሼ አልነበረም። ዝም ብዬ ቀየርኩልሽ። ማታ ሲቆጠር አንድ ጫማ ጎደለ።»

«የተላቀቀውን አላሳየሽውም?»

«አሳይቼዋለሁ። ማን ቀይሪ አለሽ አለኝ።»

ደመወዟ 4,500 ብር ነው። ከእሱ ላይ በሁለት ወር 1,400፣ 1,400 ተቆርጦባታል። እኔ መብቴን አስከበርኩ ብዬ የጻፍኩበት ጫማ ዋጋ የተከፈለው ከእሷ ኪስ ነው።

እንደገና ወደ ሕጉ ተመለስኩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አንቀጽ 59፣ አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የ4,500 አንድ ሦስተኛ 1,500 ነው፣ ስለዚህ በመጠኑ አልተጣሰም። በጽሑፍ ተስማምታ እንደሆነ ስጠይቃት ስትቀጠር አንድ ወረቀት መፈረሟን ታስታውሳለች፤ ምን እንደሚል ግን አላነበበችውም። በግል ድርጅት ለሚሠሩ ሰዎች በአገራችን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ 4,500 ያንሳል ብላ የምትከራከርበትም የለም።

ባለሱቁንም አነጋገርኩ፤ እሷን ሳላነሳ ስለ ተመላሽ ዕቃ ብቻ ነው የጠየቅሁት። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር የሄድኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «እኔ ከመርካቶ በካርቶን ነው የማመጣው» አለ። «ከካርቶኑ ሁለቱ ቢላቀቁ ለማን ልመልስ? ያመጣልኝም ሰው ደረሰኝ አልሰጠኝም። እናንተም በደረሰኝ ስንላችሁ ትሄዳላችሁ።» የመጨረሻው እኔን ነው፤ ዝም አልኩ። የጎደለ ዕቃ በማን ላይ ይታሰባል ስለው ግን፣ «ቆጥራ የተረከበች ቆጥራ ታስረክባለች» አለ። እዚህ ላይ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። የተላቀቀ ጫማ የጎደለ ዕቃ አይደለም፤ የነጋዴው ኪሳራ ነው። ከጅምላ ሻጩ ጋር የሚከራከረው ነጋዴው እንጂ ክር የምታስረው ልጅ መሆን የለባትም።

ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው በእጥፍ ረዘመ። ለንባብ ግን አልበቃም፤ ልጅቷ «እባክሽ፣ እኔ መሆኔ ይታወቃል» ስላለችኝ። ለዚህ ቡለቲን የፈቀደችልኝ ሱቁን እንዳልጠራ፣ የእሷን ስምና መልክ እንዳላነሳ ቃል ካስገባችኝ በኋላ ነው። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ስለ እሷ የሚለውን ክፍል አንብቤላታለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አስወጥታለች። መምህራችን ይህ ትክክል ነው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ጽሑፍን ለባለ ጉዳይ ማስነበብ በሙያው አከራካሪ እንደሆነ ነግረውኛል። እኔ ለሚኒስትር አላነብም፤ ለእሷ ግን አነባለሁ። የሚለያችሁ ካለ በጽሑፍ ይመልስልኝ።

«ጋዜጠኛ ነኝ» ስለማለትም አንድ ነገር ልበል። ያን ቀን ቃሉን የተጠቀምኩት መረጃ ለማግኘት ሳይሆን ጫማ ለማግኘት ነው። ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ በሌለኝ መታወቂያ ሰው አስፈራርቻለሁ፤ የፈራችውም ባለሱቁ ሳይሆን በጣም ደካማዋ ነች።

ሁለተኛው ጫማ ይገርማችኋል፣ እስካሁን አልተላቀቀም። 10 ኪሎ ሜትሩን የሮጥኩት በእሱ ነው። ለልጅቷ እስካሁን 700 ብር በቴሌብር ልኬላታለሁ፤ መጀመሪያ አልቀበልም ብላ ነበር። 2,100 ይቀረኛል።

ቅሬታ ያላችሁ ልጆች ወዴት እንሂድ ስትሉ ሰምቻለሁ። ቀድሞ አቤቱታ ይቀበል የነበረው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ፈርሶ ሥራው በ2014 ዓ.ም. ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። እኛ በቅርብ የምናገኘው ግን የክፍለ ከተማውን የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። እኔ ለቀጣዩ ሴሚስተር አንድን የተመለሰ ዕቃ ከሱቅ እስከዚያ ቢሮ ድረስ ተከትዬ ለመጻፍ አስቤያለሁ። የተበላሸ ዕቃና ደረሰኝ ያለው፣ 15 ቀንም ያላለፈው ልጅ ካለ የቡለቲኑ ዝግጅት ክፍል በር ላይ ስሙን ጽፎ ይለጥፍልኝ። ደረሰኝ የሌላችሁ አትምጡ፤ እኔም አልነበረኝም።